196 ለምን አልዘጋ አለ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ለተማሪዎቼ አንድ ጨዋታ ሰጠኋቸው። የፈለጋችሁትን ሙሉ ቁጥር ውሰዱ። ገልብጡትና ከራሱ ጋር ደምሩት። ድምሩ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ዓይነት ካልሆነ እንደገና ገልብጣችሁ ደምሩ። ለምሳሌ 57 ሲደመር 75፣ 132። 132 ሲደመር 231፣ 363። ከሁለቱም ጎን ያው ነው፣ ዘጋ! ክፍሉ በሙሉ ዘጋ። 196ን የመረጡ ሁለት ልጆች ብቻ ተከራከሩ። አንዷ በ6ኛው እርምጃ 94049 ላይ ዘግቻለሁ ትላለች። ሌላው 20 እርምጃ ሄጄም አልዘጋልኝም ይላል። ማን ነው ትክክል? አንድ ቀን ይዘጋል? ደግሞ ይሄ ምን ይጠቅማል ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

መምህር፣ ልጁ ትክክል ነው፣ ልጅቷ ተሳስታለች። ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት የእሷን ስህተት ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የ196 ጉዞ እንዲህ ይጀምራል። 196 እና 691 ሲደመሩ 887። ከዚያ 1675፣ 7436፣ 13783፣ 52514። እስከዚህ ሁለቱም ልጆች አብረው የመጡ ይመስለኛል። 6ኛው እርምጃ 52514 ሲደመር 41525 ነው። ከቀኝ እንነሳ። 4ና 5፣ 9። 1ና 2፣ 3። 5ና 5፣ 10፤ ዜሮ ጽፈን አንድ በእጃችን። 2ና 1፣ 3፤ በእጅ ያለው አንድ ሲጨመር 4። 5ና 4፣ 9። መልሱ 94039 ነው።

እሷ የጻፈችው 94049 ነው። ምን አድርጋ መሰለዎት? መሃል ላይ በእጇ የያዘችውን አንድ ለግራውም ለቀኙም ሰጠችው። የአስር ቤቱ 3 መሆን ሲገባው 4 ሆነ። ምናልባት እንዲዘጋ ስለቸኮለች ይሆናል። እኔም በልጅነቴ ስንቴ እንዲህ አድርጌያለሁ። ግን ነገሩን ያየነው እንደሆነ፣ 196 አልዘጋ ያለው በዚህችው አንዲት ነገር ምክንያት ነው። በእጅ የሚያዘው አንድ ምንጊዜም ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ አይሄድም። እዚህ እርምጃ ላይ ወደ ሁለቱም ቢሄድ ኖሮ ጨዋታው እዚያው ባለቀ ነበር።

እንዴት? አንድን ቁጥር ገልብጠን ከራሱ ጋር ስንደምር የመጀመሪያው አሃዝ ከመጨረሻው ጋር ይገናኛል፣ የመጨረሻውም ከመጀመሪያው። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች የሚወጣው ድምር አንድ ነው። ሁለተኛውና ከመጨረሻው በፊት ያለውም እንዲሁ። ሁሉም በጥንድ በጥንድ ነው። 132ን ይዩት። ጫፎቹ 1ና 2 ናቸው፤ በቀኝም 3፣ በግራም 3። መሃል ላይ 3ና 3፣ 6። በእጅ የሚያዝ ነገር የለም፣ ስለዚህ 363 ሆኖ ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለውም። ለክፍሉ ሊሰጡት የሚችሉት የተረጋገጠ ሕግ ይሄ ነው፦ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር ከ9 ካልበለጠ ቁጥሩ በሚቀጥለው እርምጃ የግድ ይዘጋል። አንድ ጥንድ 10 ከደረሰ ግን በእጅ የተያዘው አንድ ወደ ግራ ተሻግሮ ሚዛኑን ያዛባዋል። አልፎ አልፎ ተዛብቶም በዕድል ይዘጋል፤ 29 ሲደመር 92፣ 121 እንደሚሆነው።

አሁን ትንሽ ስለ ዕድል እናውራ። ሁለት አሃዞች በዘፈቀደ ቢወጡ 100 ዓይነት ጥንድ አለ። ከነዚህ ውስጥ ድምራቸው ከ9 የማይበልጠው 55 ናቸው። (ጫፍ ላይ ያለው ጥንድ ትንሽ ይለያል፣ ቁጥር በዜሮ ስለማይጀምር። እሱን ልለፈው።) ባለ 4 አሃዝ ቁጥር 2 ጥንድ አለው። ሁለቱም እሺ የማለታቸው ዕድል 30 በመቶ ገደማ ነው። ባለ 10 አሃዝ ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ባለ 20 አሃዝ ላይ ከ400 አንድ ገደማ። ባለ 100 አሃዝ ላይ ከ10 ትሪሊዮን አንድ ገደማ። ቁጥሩ ደግሞ እየቆየ እየረዘመ ነው የሚሄደው። ገና አጭር ሳለ ካልተያዘ፣ ካመለጠ አመለጠ ማለት ነው።

ይሄ ግን ማረጋገጫ አይደለም። የ196 አሃዞች ከሎተሪ ዕጣ የወጡ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ከቀደመው የተወለደ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎ 16ኛውን እርምጃ ሲያይ ልቡ የመታ ይመስለኛል፤ 897100798። ከግራ 8፣ 9፣ 7። ከቀኝም 8፣ 9፣ 7። መሃል ላይ 100 በሚለው ፈንታ 101 ወይም 000 ቢኖር አልቆ ነበር። አልሆነም። ቀጣዩ 1794102596 ነው፤ እሱ ደግሞ ለመዝጋት ምንም አይመስልም።

ሰዎች ምን ያህል ርቀው ሄደዋል ካሉ፣ በጣም ርቀዋል። ጆን ዎከር የሚባል አሜሪካዊ የሶፍትዌር ሰው በ1987 ኮምፒውተሩን ለዚሁ ሥራ ተወው። ማሽኑ ሌላ ሥራ ሲያጣ ይደምራል። ወደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በግንቦት 1990 ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን አሃዝ ደረሰ። እርምጃው 2,415,836 ነበር። አልዘጋም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከእሱ በኋላ ሌሎች እየተቀባበሉ ገፉበት። ሮማን ዶልቦ የተባለ ሰው በ2011 አንድ ቢሊዮን እርምጃ ጨርሶ ባለ 413,930,770 አሃዝ ቁጥር ላይ ደረሰ፤ በ2015 ደግሞ አንድ ቢሊዮን አሃዝ ሞላው። አሁንም አልዘጋም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ላይክረል ይባላሉ። ስሙን ያወጣው ዌድ ቫንላንዲንግሃም ነው፤ ሼሪል የምትባለውን ፍቅረኛውን ስም ፊደሎቹን አዘበራርቆ። ሒሳብ ውስጥ እንዲህም ይኮናል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። 196 መቼም እንደማይዘጋ ያረጋገጠ ሰው የለም። ሲዘጋ ያየም የለም። ለልጆቹ እንደዚሁ ይንገሯቸው። ገና የ9ኛ ክፍል ደብተር ይዘው ማንም ያልፈታው ጥያቄ ላይ ደርሰዋል።

በነገራችን ላይ 196 ብቻውን አይደለም። ከ1000 በታች አንገራጋሪዎቹ 13 ናቸው፦ 196፣ 295፣ 394፣ 493፣ 592፣ 689፣ 691፣ 788፣ 790፣ 879፣ 887፣ 978 እና 986። አብዛኞቹ ዘመዳሞች ናቸው። 295 ሲደመር 592ም፣ 394 ሲደመር 493ም ያው 887 ነው። ወደ 196 መንገድ ይገባሉ። የራሳቸውን መንገድ የያዙት 879 እና 978 ናቸው። ይሄን ዝርዝር ጠረጴዛዎ ላይ ቢያስቀምጡ አይጎዳም። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ባለ 3 አሃዝ ቁጥር በዘፈቀደ ቢመርጥ፣ ቢያንስ አንዱ ከእነዚህ በአንዱ የመያዙ ዕድል 58 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለውም ሴሚስተር ይህ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ሰላም ከፈለጉ «ከ100 በታች ምረጡ» ይበሏቸው፣ እዚያ ሁሉም ይዘጋል። እንዲያም ሆኖ 89 ወይም 98 የደረሰው ልጅ ያሳዝናል። ሌሎቹ ቢበዛ በ6 እርምጃ ሲጨርሱ እሱ 24 እርምጃ ሄዶ 8813200023188 ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ተማሪ እያለሁ 89ን በእስክሪብቶ ሞክሬው በመሃል አንድ ቦታ ስቼ ዘጠኝ ገጽ ቀድጄ ጥያለሁ።

ያኔ የማላውቃትን ዘዴ ላካፍልዎ። አሃዞቹን ደምረው በ9 ሲያካፍሉ የሚተርፈውን ይያዙ። ቁጥርና ግልባጩ አሃዛቸው አንድ ስለሆነ ቀሪያቸውም አንድ ነው። ስለዚህ በየእርምጃው ቀሪው እጥፍ መሆን አለበት፤ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 9 ይቀነስለታል። 196 ላይ 1ና 9ና 6፣ 16፤ ቀሪው 7። እጥፉ 14፣ 9 ሲቀነስ 5። 887ን ይፈትሹ፣ 23 ነው፣ ቀሪው 5። ልክ ነው። ቀጥሎ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ ከዚያ ተመልሶ 7። እነዚሁ ስድስቱ ቀሪዎች እየዞሩ ይመላለሳሉ። አሁን 94049ን እንያዘው። ከእሱ በፊት ያለው 52514 ድምሩ 17 ነው፣ ቀሪው 8። ስለዚህ ቀጣዩ 7 መሆን አለበት። 94049 ግን 26 ነው፣ ቀሪው 8። ተነቃ! ትክክለኛው 94039 ደግሞ 25 ነው፣ ቀሪው 7። ቼክ ለማድረግ ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ ልጅቷ ራሷ ስህተቷን እንድታገኘው ይስጧት። (ዘዴው የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ሁለት አሃዝ ቦታ ቢቀያየር አይነቃም።)

ካልኩሌተርን ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በስልክም ሆነ በኤክሴል የሚሞክሩ ልጆች ይኖራሉ። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብሎ ዜሮ ያደርገዋል። ልጁ የማሽኑን ዜሮ ገልብጦ መደመር ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ሁሉ የውሸት ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚችል ተማሪ ካለ በአምስት መስመር ይጨርሰዋል፣ ፓይተን ሙሉ ቁጥር ቢረዝም አይቆርጥም።

«ታዲያ መቼም የማይዘጋ ቁጥር መኖሩ ተረጋግጦ ያውቃል?» የሚል ብልጥ ልጅ አይጠፋም። አዎ፣ ግን በእኛ አጻጻፍ አይደለም። ኮምፒውተር በሚጠቀምበት በሁለትዮሽ አጻጻፍ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ሲሆን ነው። 22 በዚህ አጻጻፍ 10110 ነው። እሱን ገልብጠው ይደምሩ፤ እዚያ 1ና 1 ሲደመር ዜሮ ጽፈን አንድ በእጃችን ነው። ከ4 እርምጃ በኋላ 10110100 ይሆናል። ከ8 በኋላ 1011101000። ከ12 በኋላ 101111010000። ቀስ ብለው ይዩት። መጀመሪያ 10፣ ከዚያ የ1 ሰልፍ፣ ከዚያ 01፣ ከዚያ የ0 ሰልፍ። በየ4 እርምጃው እያንዳንዱ ሰልፍ በአንድ ይረዝማል፣ ቅርጹ ግን ያው ነው። በ1 ጀምሮ በ0 የሚያልቅ ቁጥር ደግሞ ሊዘጋ አይችልም። በመሃል ያሉት ሦስት እርምጃዎችም የየራሳቸው ቋሚ ቅርጽ አላቸው፣ አንዳቸውም አይዘጉም። አለቀ፣ ይሄ ሙሉ ማረጋገጫ ነው። በ4፣ በ8፣ በ16 መሠረት (የአሃዞቹ ዓይነት 4፣ 8፣ 16 ሲሆን) እያሉ ሲሄዱም፣ በ11 መሠረትም እንዲሁ የማይዘጉ ቁጥሮች መኖራቸው ተረጋግጧል። በ10 ነው ያቃተው። 196 እንዲህ ዓይነት ተመላላሽ ቅርጽ አላሳየም። በየጊዜው አዲስ ፊት ነው ይዞ የሚመጣው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ምን ይጠቅማል? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ በ1940 እንዲህ ያሉ የአሃዝ ጨዋታዎችን አጣጥሎ ጽፏል። ከጠቀሳቸው አንዱ 8712 እና 9801 ናቸው። 8712 የግልባጩ የ2178 አራት እጥፍ ነው፤ 9801 ደግሞ የግልባጩ የ1089 ዘጠኝ እጥፍ። ይሄ ለጋዜጣ የእንቆቅልሽ ዓምድ ይሆናል እንጂ የሒሳብ ሰውን አይስብም ባይ ነበር። በግማሹ እስማማለሁ። እነዚህ ባሕርያት የቁጥሩ ሳይሆኑ የአጻጻፉ ናቸው። ለዚህ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም። የግዕዝን ቁጥር ይያዙ። 196 ፻፺፮ ነው። መቶ፣ ዘጠና፣ ስድስት፣ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። ዜሮ የለም፣ የአስር ቤት የመቶ ቤት የሚባል ነገርም የለም። ይገልብጡት ቢባል ፮፺፻ ይወጣል፣ ይሄ ደግሞ በሥርዓቱ ምንም ማለት አይደለም። 22 እንኳ ፳፪ ሲሆን ሁለት የማይመሳሰሉ ምልክቶች ናቸው፣ መዝጋቱ ይቀራል። ቁጥሩ ያው 22 ነው፣ የተቀየረው ልብሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ትዝ አለኝ፣ ለክፍሉ ማሟሟቂያ ይሆናል። አንድ ቁጥር ይምረጡ፣ ስሙን በአማርኛ ይጻፉ፣ ፊደሉን ይቁጠሩ። ያገኙትን ቁጥር ስም ደግሞ ይጻፉና ይቁጠሩ። አምስት 4 ፊደል ነው፣ አራት 3 ፊደል፣ ሦስትም 3 ፊደል። ቆመ። ሃያ 2፣ ሁለት 3። ቆመ። ከየትም ቢነሱ መጨረሻዎ ሦስት ነው። በእንግሊዝኛ ያው ጨዋታ 4 ላይ ነው የሚቆመው። ይሄም የቁጥሩ ጠባይ አይደለም፣ የቋንቋው ነው።

ከሃርዲ የማልስማማበት ግማሽ ደግሞ ይሄ ነው። «የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ» የተባለው ነገር በሁለትዮሽ በአንድ ገጽ ሲረጋገጥ፣ በአሥርዮሽ ስንት ማሽን አድክሟል። መደመርን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንሠራው ኖረናል። በእጅ የምንይዛት ያቺ «አንድ» ሚሊዮን ጊዜ ስትደጋገም ምን እንደምትሠራ ግን አናውቅም። ለልጆቹ ይሄን ይበሏቸው። ለገበያ ይጠቅማል ብለው እንዳይዋሿቸው፣ ልጆች ይነቁብዎታል።

ክፍሉ ራሱ አረጋግጦ የሚጨርሰው ነገር ካስፈለገዎት ደግሞ የሌላ መምህር ሥራ ልስጥዎት። ካፕሬካር ይባላል፣ ሕንድ ውስጥ ናሺክ አጠገብ ዴቭላሊ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። በባለ 4 አሃዝ የሚታወቀው 6174 የእሱ ግኝት ነው። እኔ ግን ባለ 3ቱን እመርጣለሁ። ሦስት አሃዝ ይያዙ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት አይሁኑ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩ፣ ከዚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ይቀንሱ፣ ይድገሙ። የመሃሉ አሃዝ ሲቀነስ ይጠፋል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ምንጊዜም 99 ሲባዛ በትልቁና በትንሹ አሃዝ ልዩነት ነው። ሊወጡ የሚችሉት 9 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ 099፣ 198፣ 297፣ 396፣ 495፣ 594፣ 693፣ 792፣ 891። 099 ወደ 891፣ 891 ወደ 792፣ 792 ወደ 693፣ 693 ወደ 594፣ 594 ወደ 495 ይሄዳል። 198፣ 297 እና 396 በየመሃሉ ይገባሉ። 495 ራሱን ይደግማል። ዘጠኙን ሰሌዳ ላይ ጽፈው በቀስት ሲያገናኟቸው ማረጋገጫው ዓይናቸው እያየ ይሠራል። የግማሽ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

ኢንተርኔት ያላቸው ልጆች ደግሞ ያገኙትን ተርታ የሚፈልጉበት ቦታ አለ። ኒል ስሎን በ1964 ተማሪ ሳለ መሰብሰብ የጀመረው የተከታታይ ቁጥሮች መዝገብ ነው፤ OEIS ይባላል። 196፣ 887፣ 1675 ብለው ቢጽፉ ኤ006960 ተብሎ ተመዝግቦ ያገኙታል።

የሁለተኛውን ልጅ ደብተር ግን ሳያዩ እንዳያልፉት። 20ኛው መስመር ላይ 70446464506 ካለ ሙሉ ማርክ ይስጡት። ከሌለም ከላይ ጀምረው ቀሪውን ይቁጠሩለት፤ 7፣ 5፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ መጥቶ የሳተበት መስመር ላይ እንዲያቆም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ራሱ ያስተካክለዋል።